ለወይዘሮ ማርላ የተመረጠው ሽጉጥ

ወይዘሮ ማርላ ቴነሂል የጦር መሣሪያ የሚመኙ ሴት አልነበሩም። በዚህ የአርካንሳስ ተራራማ ወረዳ ያደገ ልጅ ሁሉ ከትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት መስኮት ጀርባ ቆመው ድንች ሲጨልፉ ያውቃቸዋል፤ ሁለተኛ ጭልፋ ለመጠየቅ ያፈረውን ልጅ ከዓይኑ ለይተው፣ ሳይጠየቁ የሚጨምሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ዴልበርት እንጨት መሰንጠቂያው እስኪዘጋ ድረስ እዚያው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ «ከአጋዘን አደን ሌላ ሃይማኖት የለውም» እየተባለ የሚቀለድባቸው ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ጠመንጃዎቻቸውን ለሴት ልጆቻቸው ባሎች አከፋፈሉና ቀኑን በወንዙ ዳር ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ።

ከዚያ ሌባው መጣ።

መጀመሪያ የጓሮው በር ተከፍቶ ተገኘ። ቀጥሎ የሳሎኑ ሰዓት ከግድግዳው ላይ ጠፋ። አንድ ቀን ደግሞ ወይዘሮ ማርላ ከሥራ ሲመለሱ ምድጃው እየነደደ፣ መጥበሻው ላይ እንቁላል አርሮ አገኙ። አቶ ዴልበርት ከወንዙ መጥተው ይህን ሲሰሙ በቁጣ ጦፉ።

«የሰው ቤት ገብቶ፣ የሰው እንቁላል ሰብሮ! ይባስ ብሎ ማሳረር!»

የወረዳው ፖሊስ መጥቶ ቁልፉን አገላብጦ አየ፤ አልተሰበረም። እውነቱንም ሳይደብቅ ነገራቸው፤ በክፉ ሰዓት ቢደውሉ መኪናው ወረዳው ሌላኛው ጫፍ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ እስኪደርሱላቸው ድረስ ራሳቸውን መጠበቅ አለባቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ማርላ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆኑ። ገላቸውን ሲታጠቡ እንኳ ጆሯቸው ከጓሮው በር አይርቅም ነበር። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቤታቸውን ደጃፍ ያለ ፍርሃት መርገጥ።

ቅዳሜ ዕለት ባልና ሚስቱ ወደ ጌለን ሱቅ ሄዱ፤ የዓሣ ማጥመጃ ትልና ሽጉጥ በአንድ ጣሪያ ሥር ወደሚሸጥበት። ወሬው ቀድሟቸው ደርሶ ነበር።

«እትዬ ማርላ፣ እንቁላል ለሚጠብስ ሌባ ሽጉጥ ምን ያደርጋል?» አለ ጌለን። «እሱ የሚያስፈልገው ሚስት ነው!»

«አንዱን ባል መመገብ መቼ ቀለለኝና ሁለተኛ ልጨምር? ይልቅ ዕቃህን አሳየኝ። ርካሽ ይሁን፣ ግን እጄ ላይ አይፈንዳ።»

ጌለን በመጀመሪያ ያወጣት ሮዝ እጀታ ያላት፣ መዳፍ የማትሞላ ሽጉጥ ነበረች። «የሴት ናት፤ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች።»

አቶ ዴልበርት ሳቁ። «ይቺንስ ለጠላትህ ሚስት ሽጥላት። ቀላል ሽጉጥ እንደ በቅሎ ይራገጣል። አንዴ ተኩሳ ዳግመኛ አትነካውም።»

ሁለተኛው አዲስ፣ ዋጋውም ደህና ነበር። ሆኖም ለማቀባበል ከላይ ያለውን ብረት ወደ ኋላ መሳብ ይጠይቃል፤ የወይዘሮ ማርላ ጣቶች ደግሞ ከጭልፋ ጋር ኖረው መገጣጠሚያቸው አብጧል። ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ብረቱ ንቅንቅ አላለም።

«ማቀባበል ካልቻለች ድንጋይ ብትይዝ ይሻላታል» አሉ አቶ ዴልበርት። «ከታች ያለውን፣ ያን ያገለገለውን አውጣው።»

የአንድ ዘብ የነበረ፣ ቀለሙ እጀታው ጋ የተላጠ፣ ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ ነበር። ጌለን ከበሮውን ከፍቶ ባዶነቱን አሳየና አቀበላቸው። አቶ ዴልበርት ግን በዓይናቸው ያዩትን አላመኑም፤ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አዙረው እያንዳንዱን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱ፣ ከበሮውን እያሽከረከሩ አደመጡ፣ ሲዘጋም መላወስ አለመላወሱን ነቅነቅ አድርገው ፈተሹ። ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ያወሩ የነበሩ ወንዶች ወሬያቸውን አቆሙ። በእኛ አገር የሰው አእምሮ የሚመዘነው መሣሪያ በሚቀበልበት አኳኋን ነው፤ አፈሙዝ ወደ ሰው ያዞረ ሰው ምንም ቢማር ሞኝ ነው፣ እንደ አቶ ዴልበርት የያዘ ደግሞ እስከ መቃብሩ ልባም ይባላል።

«እንዲህ ያለ እጅ ዛሬ የት ይገኛል!» አለ አንዱ።

«ይሄ ከበድ ስለሚል አይራገጥም» አሉ ለሚስታቸው። «ማቀባበል የለ፣ ማስታወስ የለ። ቃታውን መሳብ ብቻ ነው።»

ከሱቁ ጀርባ ሞከሩት፤ ወይዘሮ ማርላ ለዒላማ የተሰቀለውን ወረቀት መሐል ለመሐል በሱት። ገዝተውት ሲወጡ አቶ ዴልበርት ዞር ብለው «ጌለን፣ ለአባትህ ሰላምታ አድርስልኝ» አሉ።

የጌለን አባት ከተቀበሩ ቆይተዋል። «እሱ ዘንድ ቀድመው የሚደርሱት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ ዴልበርት!» አለ ጌለን፤ ሱቁ በሳቅ ተናወጠ።

በሚቀጥለው ሳምንት የትምህርት ቤቱ የውኃ ቧንቧ ፈነዳና ተማሪዎች ከምሳ በፊት ወደ ቤታቸው ተሰናበቱ። ወይዘሮ ማርላ ቤት ሲደርሱ የባለቤታቸው መኪና ግቢ ውስጥ የለችም፤ ስለዚህ እሳቸው ወንዝ ናቸው። የጓሮው በር ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። የቅቤ ሽታ ይመጣል። ወደ መኪናቸው ተመልሰው መሄድ ይችሉ ነበር፤ ያ ሁሉ ቀን የተጠራቀመው ፍርሃት ግን በዚያች ቅጽበት ወደ ንዴት ተለወጠ። ሽጉጡን ከቦርሳቸው አውጥተው ገቡ።

ምድጃው ፊት አንድ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የወይዘሮ ማርላን ሟች አባት ቡናማ ካፖርት ከቆጡ አውርዶ ለብሷል፤ ባርኔጣው እስከ ጆሮው ወርዷል።

«እጅህን ወደ ላይ!» ብለው ጮኹ። ጣታቸው ቃታውን መሳብ ጀምሮ ነበር።

ሰውየው እንቁላል መገልበጫውን እንደያዘ እጆቹን አነሣ። ቀስ ብሎ ዞረ። አቶ ዴልበርት ነበሩ።

ወይዘሮ ማርላ «አንተ ሰውዬ፣ ልገድልህ ነበር እኮ!» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የባላቸው ዓይን ግን ቃላቸውን አስቀረው። አቶ ዴልበርት የሚመለከቷቸው በሕይወታቸው አይተዋት የማያውቁትን ሴት እንደሚመለከቱ፣ በትሕትና ነበር።

«እመቤቴ፣ ይረጋጉ» አሉ። «የሚፈልጉትን ሁሉ ይውሰዱ። ብቻ ሚስቴ ከሥራ ሳትመጣ ይሂዱልኝ። ሰሞኑን ሌባ ገብቶብን ፈርታለች፤ ደግመው እንዳያስደነግጡብኝ።»

ወይዘሮ ማርላ ሽጉጡን በሁለት እጃቸው እንደደገኑ ነበሩ።

«ጣትዎን ከቃታው ያውጡ። እንደሱ። አሁን ከበሮውን ወደ ጎን ይክፈቱት፤ አፈሙዙን ወደ ላይ ያድርጉትና ጥይቶቹ ይውደቁ። ጎበዝ።»

ጥይቶቹ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

«ሚስትዎ… ስሟ ማን ነው?» አሉ ወይዘሮ ማርላ።

«ማርላ።» አቶ ዴልበርት ፈገግ አሉ። «ቢያውቋት ይወዷት ነበር። ርቦዎት እንደሆነ ይቀመጡ፤ ሰው ካልቸገረው አይሰርቅም።» እንቁላሉን በሳህን አድርገው አቀረቡላቸው። ወይዘሮ ማርላ ተቀምጠው በሉት። ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር?

ወደ ማታ አቶ ዴልበርት ወደ ራሳቸው ተመለሱ፤ ካፖርቱን ማን እንዳለበሳቸው ግን ግራ ገባቸው። መኪናዋ ወንዙ ዳር በሯ እንደተከፈተ ተገኘች። ከወንዙ እስከ ጓሮው በር ድረስ ሣሩ ተረጋግጦ ቀጭን መንገድ ሠርቷል፤ የአንድ ቀን እግር የማይሠራው መንገድ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ማርላ ብቻቸውን ጌለን ሱቅ ገብተው ሽጉጡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ፤ የሆነውንም ነገሩ።

«አይሆንም!» አለ ጌለን። «ጋሼ ዴልበርት? እዚህ ቆመው እኮ ከእኔ በተሻለ ነው የፈተሹት! ሁላችንም አይተናል!»

«እጁ አልረሳም» አሉ ወይዘሮ ማርላ።

ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ያን ጊዜ የአቶ ዴልበርትን እጅ ያደነቀው ሰው ከሱቁ ወጥቶ ሄደ።

«ሽጠው፤ ካልተሸጠም አንተው ጋ ይቀመጥ። እኔ ቤት ግን አያድርም። በር ሲከፈት የሚጮህ ነገር አለህ?»

ጌለን ቶሎ ብሎ ወደ መደርደሪያው ዞረ፤ ሊረዳቸው የሚችልበት ነገር በማግኘቱ የተገላገለ ይመስል ነበር። «አለ፣ አለ! አንዱ ከውጭ እጀታውን ገና ሲነካው…»

«ከውጭ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ማርላ። «ከውስጥ ሲከፈት።»

ጌለን እጁን መደርደሪያው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ።