ስምንት የሌለበት ቁጥር

የትናየት ጮኻ አታውቅም። ዳባት ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ስታስተምር ድምጿ ከክፍሏ በር አልፎ አልተሰማም። የዚያን ሰኞ ጠዋት ግን ግቢው ሁሉ ሰማት።

ከጃናሞራ መጥታ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ነው በአንድ ቁጥር ልቧ የተነጠቀው፦ 12345679። ስምንት የለበትም። በዘጠኝ ሲያባዙት ዘጠኝ አንዶች ይሰለፋሉ፤ በአሥራ ስምንት ዘጠኝ ሁለቶች፤ በሃያ ሰባት ዘጠኝ ሦስቶች። ከሦስት ዓመት በፊት በክፍሏ የውጭ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ጻፈችው። “ስምንቷ የት ሄደች?” የሚላትን ስትጠብቅ ኖረች። አንድም ሰው አልጠየቀም።

ሰኞ ጠዋት ስትደርስ ሰባትና ዘጠኝ መካከል አንዲት ቀጭን ስምንት ተሰክታለች። ቀለሟ ገና አልደረቀም።

“ማነው?”

አማርኛ የሚያስተምረው ጠይብ ጣቶቹ ሰማያዊ ቀለም እንደነካቸው ቀረበ። “እኔ ነኝ፣ መምህርት። ገበናዎን እንሸፍን ብለን ነው።”

“ብለን? ስንት ናችሁ?”

“ሁላችንም ስናየው ኖረናል። እርስዎን የመሰለ ሰው ፊት ለፊት እንዴት ይታረማል? ሱፐርቫይዘሩ ግን ባለፈው አይቶ ጽፎብዎታል። ‘ቁጥር በቅደም ተከተል መጻፍ ያዳግታታል፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ትዛወር’ ብሎ። ዛሬ ይመጣል፤ ታርሞ ካየው ይተወዋል።”

ደሟ ፈላ። ሦስት ዓመት አብረዋት ሲበሉ ሲስቁ፣ ለካ መቁጠር የማትችል የሒሳብ መምህርት ብለው በሆዳቸው ይዘዋታል! ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

“አዝናችሁልኝ ነዋ! እንዴት ተደርጎ!”

ማስመሪያዋን አውጥታ ስምንቷን ትፍቅ ጀመር። ሱፐርቫይዘሩ አቶ ቴዎፍሎስ የደረሰው ይሄኔ ነው።

“ተስተካክሎ የለም እንዴ? ምን ትፍቂያለሽ?”

ጠመኔ በእጁ አስጨበጠችው። “ስምንቷን ጨምረው በዘጠኝ ያባዙት።”

“እኔ ልፈተን አልመጣሁም።”

“እኔን ሳልጠየቅ ጥለውኝ የለ? ያባዙ!”

ተማሪው ሁሉ ተሰብስቧል፤ ማምለጫ የለውም። ግድግዳው ላይ አባዛ፦ 1111111101።

“መጨረሻው አጠገብ ያለችውን ዜሮ አዩዋት? አሁን ያለ ስምንት።”

111111111። እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው።

“እሺ... ይሄ ምን ይጠቅማል?” አለ ላቡን እየጠረገ።

“ሳያውቁ እንዳይፈርዱ ይጠቅማል። የጻፉብኝን ወረቀት ይቅደዱት።”

“ማኅተም አርፎበታል።” ወረቀቱን ከቦርሳው አውጥቶ አሳያት።

“እንግዲያው ስሌቱን በእጅዎ ከሥሩ ይጻፉና ይፈርሙ። ቆሜ አያለሁ።”

ጻፈ። ፈረመ። ከኋላ መምህራኑ ማጨብጨብ ሲጀምሩ ዞር አለች።

“እጃችሁን ሰብስቡ! ከእናንተ ጋር ገና አልተነጋገርንም።”