አባባ ሳይሰማ የገዛቸው ስፒከሮች

ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በሰማሁ ቁጥር፣ ፍኖተ ሰላም የነበረው ቤታችንና አባባ ደብተር ሲያርም ቆይቶ ቀና ብሎ «ዝናቡ አባራ እንዴ?» ያለበት የክረምት ከሰዓት በኋላ ትዝ ይለኛል። ውጭው በዶፍ እየተጥለቀለቀ ነበር። እናቴ «ሊያባራ ነው» አለችው፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ተያየን።

አባባ የአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ክፉ ትኩሳት ይዞት ከተነሣ ወዲህ ጆሮው ቀስ በቀስ እየደከመ ቢሄድም፣ ይህን በቤታችን ውስጥ አፍ አውጥቶ የተናገረ ሰው አልነበረም። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹን «መልሱን ሰሌዳው ላይ ጻፉት» እያለ ያስተምር ስለነበር፣ ሰዉ ሁሉ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ ያመጣ መስሎት ያደንቀው ነበር። ማታ ማታ ደግሞ የሚወደውን ማሲንቆ በትንሿ ቴፓችን ከፍቶ፣ ድምፁን እስኪሰነጠቅ ድረስ ይጨምረውና ጆሮውን አስጠግቶ ይቀመጥ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ በርበሬ በሚለቀምበት ወቅት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ እኔን አስከትሎ ቡሬ ሄደ። አቶ ሙሉቀን የሚባሉ ነጋዴ ሱቅ ገብተን፣ እስከ ደረቴ የሚደርሱ ሁለት ጥቋቁር ስፒከሮች ቆመው አየን። መብራት ጠፍቶ ነበር።

«መምህር፣ ሰኞ ብቅ ቢሉ አሰማዎት ነበር» አሉ አቶ ሙሉቀን።

አባባ ከንፈራቸውን አተኩሮ አይቶ፣ «ሰኞ ክፍል አለኝ» አለና ሣጥኖቹን በጣቱ አንኳኳቸው፣ አንስቶ መዘናቸው፣ በጀርባቸው ዞሮ ብሎኖቻቸውን ዳሰሰ። «እንጨቱ ጠንካራ ነው። ይጫኑልኝ።»

ለምን እንደቸኮለ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። መብራት እስኪመጣ ቢቆይ ነጋዴው ሙዚቃ ከፍተው «እንዴት ነው?» ይሉታል፤ እሱም የሚመልሰው አይኖረውም።

እሑድ መብራት መጣ። ደሳለኝ ሽቦዎቹን አገናኝቶ የማሲንቆውን ካሴት ሲከፍተው ቤቱ ተናወጠ፤ ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ሲያጨበጭቡ እናቴ በኩራት ትስቅ ነበር። አባባ በሁለቱ ሣጥኖች መካከል ቆሞ፣ መዳፎቹን ፊታቸውን በሸፈነው ጨርቅ ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ጥቂት ቆይቶ ግራ እጁን አነሣ።

«ይሄኛው አይሠራም።»

«ኧረ ቤቱን አናጋው እኮ!» አለ ደሳለኝ፤ ወዲያው ግን ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቢያስጠጋ፣ የግራው ስፒከር እውነትም ጭጭ ብሏል። ጆሮ ያለን ሁሉ አላወቅንም ነበር።

እናቴ «ተወው፣ አንዱም ይበቃናል» አለችው። ሣጥኑን ለመመለስ መሄድ ማለት ሰው ፊት ተጠይቆ መልስ መስጠት እንደሆነ ገብቷት ነበር። አባባ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ሣጥኑን በገመድ አስሮ ተሸከመ፤ እኔም ተከተልሁት።

ሱቁ በገበያተኛ ተሞልቶ ነበር። ከመካከላቸው ልጆቻቸው አባባ ዘንድ የሚማሩ ሁለት የፍኖተ ሰላም ሰዎችም ነበሩ። አቶ ሙሉቀን ሣጥኑን አይተው ተቆጡ።

«ሰምተው ይውሰዱ ብዬዎት አልነበረም? መንገድ ላይ ተጋጭቶ ቢሆንስ? ለመሆኑ ይሄኛው ዝም ማለቱን በምን አወቁ?»

አባባ መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ሰዎቹ አየ። «ጆሮዬ አይሰማም፣ አቶ ሙሉቀን» አለ፣ ሱቁ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ዓመት አልፎታል። በእጄ ነው ያወቅሁት።»

እኔ ፊቴ እንደ እሳት ነደደ፤ እሱ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አቶ ሙሉቀን የሣጥኑን ጀርባ ፈቱትና፣ ሲሠራ ጀምሮ ሳይበየድ የቀረ ሽቦ አገኙ። በይደው ከከፈቱት በኋላ ራሳቸው መዳፋቸውን ጨርቁ ላይ አድርገው ሞከሩት፤ ቀጥለውም የአባባን እጅ ይዘው አስነኩት። አባባ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ተናገረ።»

ሰኞ ዕለት ለርዕሰ መምህሩ ነገራቸው። ከሥራ ያወጡኛል ብሎ ሲፈራ የኖረ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ሒሳብ የከበዳቸውን ልጆች አራት አራት እያደረገ፣ ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ያስተምር ጀመር። ለፋሲካ ዶሮ ይዘውለት የመጡ ወላጆች ነበሩ። እኛም ከጀርባው መንሾካሾኩን ትተን፣ ትከሻውን ነካ አድርገን፣ ፊቱን እያየን ማውራት ተማርን።

ዛሬ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ትንሽ ዕቃ እንኳ የምገዛው ስለ እሱ በስልኬ አዳምጬ፣ የማላውቃቸውን ሰዎች አስተያየት አንብቤ፣ ሳምንት አስቤ ነው። በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መካከል የተበላሸ ነገር ሲደርሰኝ ግን፣ ሄጄ ማስረዳቱ ያሳፍረኝና ቁም ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ። አባባ ያን ቀን አቶ ሙሉቀን ሱቅ ሲቆም፣ እኔ አሁን ካለሁበት ዕድሜ በአራት ዓመት ያንስ ነበር።