የመስኮቶች ካርታ ባለቤት

አክስቴ የቋንቋ መምህርት ናት። ዕድሜዋን የሰጠችው ለአንዲት ቃል ነው፤ ሮማውያን መስኮትን ለጠሩባት ለ«ፌኔስትራ»። ቃልም እንደ ሰው ይሰደዳል፣ በደረሰበት አገር መልኩ ይለወጣል። ያቺ ቃል ጣሊያን ዘንድ «ፊኔስትራ»፣ ፈረንሳይ ዘንድ «ፍኔትር»፣ ጀርመን ዘንድ «ፌንስተር» ሆና እንዳደገች የሚያሳይ ካርታ አክስቴ በሰፊ ጣውላ ላይ ሳለች። የፌኔስትራን ልጆች የያዙ አገሮች ሁሉ ሰማያዊ፣ ቃላቸው ከሌላ የመጣ ደግሞ ቢጫ ናቸው። ከተናጋሪው አፍ ሳትሰማ ብሩሽ አታነሳም ነበር፤ ወደብ ወርዳ ስንቱን መርከበኛ «እስቲ በናትህ፣ መስኮትን በአገርህ ጥራልኝ» ብላ ለምናለች።

ካርታው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሊመረቅ ሲል ግርጌው ላይ ስሟ ተፍቆ የዳይሬክተሩ ስም ተጽፎ አገኘችው። ያ እሷው ያስተማረችው፣ «እናቴ ነዎት» ሲላት የኖረው ሰውዬ!

«ምን አለበት እትዬ? የትምህርት ቤቱ የሆነ ሁሉ የኔም አይደል?» አላት ከረባቱን እያስተካከለ።

ፈገግ አለች። «ምንም የለበትም። ለምርቃቱ ቀለሙን ላድስልህ።»

ብቻዋን ስትቀባ ታንጎራጉር ነበር፦

እኔ ለለፋሁት እሱ ሊሞገስ?
እንቅልፍ አይወስደኝም እንባዬን ሳላብስ።

ቢጫ የነበሩትን ስፔንንና ፖርቱጋልን ሰማያዊ ቀባቻቸው። እሱ ልብ አላለም። ቀድሞስ ካርታውን መቼ አይቶት!

በምርቃቱ ላይ «ዘመኔን የጨረስኩበት ሥራ» እያለ ሲያስረዳ አንዲት ተጋባዥ ምሁር እጇን አወጣች።

«የስፔኖቹ መስኮት፣ ‹ቬንታና›፣ እንዴት ነው ከፌኔስትራ የተወለደችው?»

«እ... ያው በጊዜ ብዛት...» ወደ አክስቴ ዞረ። «እትዬ፣ ይንገሯት እንጂ!»

«የዘመንህን ሥራ አንተው ታውቃለህ፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ተነሳች።

«አልተወለደችም። ‹ቬንታና› የነፋስ ልጅ ናት፤ ሮማውያን ነፋስን ‹ቬንቱስ› ይሉት ነበር። የፖርቱጋሎቹ ‹ዣኔላ› ደግሞ ትንሽ በር ከሚል ቃል የመጣች ናት። እኔው ነኝ አሳስቼ የቀባሁት፤ ስሜን የፋቀው ሰው እንዲጠየቅበት ብዬ።»

«ጉድ ሠሩኝ!» አለ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ።

«ገና ነው። ና መሰላሉን ያዝልኝ።»

እንግዶቹ እያዩ እሱ ያዘ፣ እሷ ወጣች። ስሟን ካርታው አናት ላይ በትልቁ ጻፈች። ከዚያ ስፔንን ቢጫ መቀባት ጀመረች፤ እጇ እንዲህ ተንቀራፍፎ አያውቅም። የዳይሬክተሩ ክንድ ዝሎ መንቀጥቀጥ ያዘ።

«አልበቃዎትም እትዬ?»

«ፖርቱጋል ቀርታለች» አለችው።