ሙሉ ስሜን የተማርኩበት ክረምት

ሰሞኑን ልጄን ለኬጂ እያዘጋጀኋት ነው። ቤቴል ያለው ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት ጫማዋን ራሷ ማጥለቅ፣ ሽንቷ ሲመጣ መናገርና ሙሉ ስሟን ማወቅ አለባት ስላሉን፣ ማታ ማታ ባኞ ውስጥ አስቀምጬ ሳሙና እየቀባኋት ስሟን አስደግማታለሁ። ትናንት አድርቄያት ፊቷን ቫዝሊን ስቀባት፣ ሽታው ቀራንዮ ወደነበረው ቤታችን፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መደማመጥ ወደማይቻልበት አንድ ነሐሴ ይዞኝ ሄደ።

እኔን ለአፀደ ሕፃናት ያዘጋጀኝ የእንጀራ አባቴ ደምሴ ነበር። ወላጅ አባቴ ታደሰ የሞተው ገና ሳልድህ ነው። ደምሴ ከከፋ መጥቶ መንገድ ዳር ማርና ኮረሪማ የሚሸጥ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት በርጩማ ላይ አስቀምጦ ቫዝሊን ይቀባኛል፤ ጣቶቹ ወፋፍራም ስለነበሩ ግማሹ አፍንጫዬ ውስጥ ይቀር ነበር። ቁልፍ መቆለፍ፣ ንፍጥ መጥረግ፣ የጫማን ግራና ቀኝ መለየት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ግራና ቀኙን እንኳ አንዳንዴ እሱም ይስተው ነበር። ሁሉም ገባኝ፤ አልገባ ያለኝ ስሜ ብቻ ነው።

«አባትሽ ማን ይባላል?»

«ደምሴ።»

«አይደለም የኔ ልጅ። ታደሰ በይ።»

ታደሰ ለእኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ፣ ባርኔጣ ያደረገ ፎቶ ነበር። ፎቶ ደግሞ ቫዝሊን አይቀባም።

ነገሩ ግን እንደዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። የአባቴ እህት እትዬ አስካለ ዘነበወርቅ ይኖሩ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። እናቴ ደምሴን ስታገባ መጥተው፣ ቁጭ እንኳ ሳይሉ፣ «የወንድሜ ስም ከዚች ልጅ ላይ የተነሣ ቀን ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ» ብለዋት ነበርና፣ ምዝገባው በቀረበ ቁጥር ከእናቴ እጅ ዕቃ ማምለጥ አበዛ። በምዝገባው ዕለትም ከእናቴና ከደምሴ ጋር ስንደርስ፣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቀድመውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘናቸው።

ክፍሉ እርጥብ ልብስና ጠመኔ ይሸት ነበር። አስተማሪዋ እጄን በራሴ ላይ አሳልፌ ጆሮዬን እንድነካ አዘዙኝ፤ ነካሁ። ቀይ ቀለም አሳዩኝ፤ አወቅሁ። ከዚያ «ሙሉ ስምሽስ?» አሉኝ።

«ሰናይት ደምሴ።»

እትዬ አስካለ ከአግዳሚው ተነሡ። «አልነገርኩሽም?» አሏት እናቴን። አስተማሪዋ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኛን ያያሉ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ማልቀስ ጀመርኩ።

ደምሴ ጭቃ የተረገጠበት ወለል ላይ ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምንም አላጠፋሽም» አለኝ። «እኔ አሳድግሻለሁ። የወለደሽ ግን ታደሰ ነው። እሱ መጥቶ ስሙን መናገር አይችልም፤ አንቺ ንገሪለት።»

«ሰናይት ታደሰ» አልኩ፣ በለቅሶ መሃል። ተጻፈ።

እትዬ አስካለ ስንወጣ እጄን ያዙና ወደ መንገዱ አመሩ፤ እናቴ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች፣ ሊወስዱኝ መስሏት። ጥቂት ሄደው ቆሙ፣ ደምሴ እስኪደርስ ጠበቁት፣ እጄንም አምጥተው መዳፉ ውስጥ አኖሩት።

«አደራ» አሉት።

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

ያን ቀን ምሳ ሳይበላ ሱቁን ሊከፍት ሄደ። እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደነገረችኝ፣ ምሳውን ቋጥራ ስትከተለው ከማር ጋኖቹ ጀርባ ተቀምጦ ሲያለቅስ አየችው፤ ሳያያትም ምሳውን ደፉ ላይ አስቀምጣ ተመለሰች።

ደምሴ ልጄን ሳያያት ዐረፈ። እትዬ አስካለም የሉም፤ ሱቁ በነበረበት ቦታ የማላውቃቸው ሰዎች ፎቅ ቆሟል። ታደሰን አላስታውሰውም፤ በስሙ ግን ተምሬበታለሁ፣ ተድሬበታለሁ። ባሳደገኝ ሰው ስም የተጠራሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያንንም እሱ ራሱ ተንበርክኮ አረመልኝ።