የሹራቡ ዓምድ

ታላቅ ወንድሜ ስክሪን መፈተሻ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠራ፤ እኔ የክፍሉ መዝገብ ያዥ ነኝ። የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ከብርሃን ወደ ጨለማ በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚቀየር ይለካና ከቁጥሩ ጎን አንዳንዴ «ሹራብ ለብሻለሁ» ብሎ ይጽፍ ነበር።

«ይሄ ልኬት ነው ወይስ የልብስ ዝርዝር?» እለው ነበር።

«ዝም ብለሽ መዝግቢ፣ እህት ዓለም።»

አንድ ቀን የክፍላችን መሐንዲስ ፍጥነቱን ለማስላት የሠራችው የኮምፒውተር ሞዴል ሃያ ሚሊሰከንድ ሲል፣ የእሱ ልኬት አርባ ሆነ። የዓመቱን ልኬት በሙሉ ልትሰርዝ ተነሣች።

«ጋሼ፣ ያረጀው መሣሪያው ነው ወይስ እርስዎ?» አለችው።

«ሁለታችንም አርጅተናል፤ ግን አንዋሽም።»

መዝገቡን ገለጥኩ። አርባ የወጣው ሹራብ በለበሰባቸው ማለዳዎች ብቻ ነበር። ክሪስታሉ ብርድ ሲመታው እንደ ማር ይወፍርና ይንቀረፈፋል፤ ሞዴሉ ደግሞ ክፍሉን ሁልጊዜ ሞቃት አድርጎ ነው የሚያሰላው።

«ቴርሞሜትሩስ?» አለች መሐንዲሷ።

«ከተሰበረ ዓመቱ። ጠይቄ ጠይቄ ሹራብ ገዛሁ።»

እየሳቀች ሞዴሉን አረመች፤ ልኬቶቹም ከመሰረዝ ዳኑ።

ወንድሜ ካረፈ ሦስት ወሩ ነው። አዲስ ቴርሞሜትር ተገዝቷል። ቢሆንም መዝገቡ ላይ ለሹራብ አንድ ዓምድ ከፍቻለሁ፤ ዛሬ ጠዋትም ባዶ እንዳይቀር የእሱን ለብሼ ሞላሁት።