ሲንቄ የገባበት ሬስሊንግ

ዛሬ ጎረቤታችን አዴ ጫልቱ ሲንቄያቸውን ይዘው ሳሎናችን ገቡ። እስካሁን ሆዴን ይዤ እየሳቅኩ ነው!

ሲንቄ ማለት እኛ አርሲ ውስጥ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት በትር ነው። ሴት እሱን ይዛ መሃል ከገባች ጠብ ይቆማል፤ አለቀ።

ነገሩ የተጀመረው እኔና ወንድሜ ልጅ ሆነን እንወደው የነበረውን የኮሜዲ ሬስሊንግ ዩቲዩብ ላይ ስናገኘው ነው። ዓለም በሙሉ «ከዚህ የባሰ ግጥሚያ ታይቶ አይታወቅም» የሚለው ነው። አንዱ የዶሮ ልብስ ለብሶ ይጮኻል፤ ሌላው ገና ሳይነኩት ይወድቃል።

ወንድሜ «እውነትም ቆሻሻ ነው» አለ።

እኔ ደግሞ «ምን አባክ ታውቃለህ፣ ምርጥ ነው!» አልኩ።

አንገቴን አነቀኝ፣ እግሩን ጠለፍኩት፣ ሶፋው ተገለበጠ። (ሁለታችንም የልጆች አባት ነን።)

«ዺሳ! ተዉ!»

አዴ ጫልቱ በሩ ላይ በትሩን አንስተዋል። ወንድሜ ወለሉ ላይ እንደተጋደመ በሪሞት ቪዲዮውን አቆመው።

«አዴ፣ የውሸት ነው እኮ! እየተጫወቱ ነው» አልኳቸው ቲቪውን እያሳየሁ።

«እነሱማ መጫወታቸው ያስታውቃል» አሉ። «እኔ የመጣሁት ለእናንተ ነው። በሉ ተሳሳሙ!»

ተሳሳምን። ዶሮው ቲቪው ላይ አፉን ከፍቶ ያየናል።

እናንተስ? በማይረባ ነገር ተናንቃችሁ ማን ገላገላችሁ?