እናቴ በአንድ ትከሻ የሸኘችኝ ቀን

ከቡሬ የወጣሁበትን ንጋት ስንቴ እንደማስበው አልነግራችሁም። እናቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኝታኝ፣ በአገራችን ደንብ ትከሻ እያቀያየርን ስንሳሳም ግራዋን ነፈገችኝ። በቀኟ ብቻ ደጋግማ ሳመችኝና «በል ሂድ፣ አውቶቡሱ ጥሎህ ይሄዳል» አለች። በመሄዴ ያኮረፈች መስሎኝ እስከ ፍኖተ ሰላም ተናድጄ ተጓዝኩ። ጅል ነበርኩ።

እዚህ ጀርመን የማጠናው የካንሰርን አካሄድ ነው። ካንሰር ሲጀምር ኮላጅንና ላሚኒን ከሚባሉ ፕሮቲኖች በተሠራ ስስ ሽፋን ታጥሮ ነው። ሽፋኑን እንደ ጎተራ ምርጊት ቁጠሩት። ምርጊቱ ደኅና እስከሆነ ድረስ ክፉው ሕዋስ እዚያው ታጉሮ ይቀመጣል፣ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። ግን ምርጊቱን የሚያሟሟ ነገር ያመነጫል፤ አንዴ ከሸነቆረው እስከ ደም ሥር መንገድ አለው። ሥራዬ ሽፋኑን ቡናማ ቀለም አስይዞ የት እንደተበጠሰ በማይክሮስኮፕ መፈለግ ነው። ዳቦው ድንጋይ፣ ሰማዩ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ ነው፤ ሥራውን ግን ወደድኩት።

በሁለተኛው ዓመት እህቴ ይታይሽ ደወለች። እናታችን ግራ ጡቷን ታማለች። ከሐኪም የተሰጣትን ወረቀት እንግሊዝኛውን ፊደል በፊደል ቆጠረችልኝ። ገና ሳትጨርስ «ይበቃል» አልኳት። ምርጊቱ ተሸንቁሯል፣ ጉበቷም ላይ ደርሷል።

በማግስቱ የመኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ሄድኩ።

«ፈቃድህ እየታደሰ ስለሆነ መውጣት ትችላለህ፣ መመለስ ግን አትችልም» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«እናቴ እየሞተች ነው።»

«ማስረጃው በጀርመንኛ ተተርጉሞ ይቅረብ። ሦስት ሳምንት ይፈጃል።»

«እስከዚያ ብትሞትስ?»

«ለእሱ ሌላ ቅጽ አለ» አለችና ቅጹን አወጣችልኝ። ደግ ሴት ናት፣ ልትረዳኝ ፈልጋ ነው።

ቅጹን በኪሴ ይዤ ደወልኩ። ይታይሽ ስልኩን ለእናቴ ሰጠቻት።

«እምዬ፣ የሸኘሽኝ ቀን ታውቂ ነበር?»

«የባቄላ ፍሬ ታክል ነበረች። ብትነካኝ እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው። ብታውቅማ ትቀር የለም?»

ያኔ ምርጊቱ ምናልባት ገና ደኅና ነበር። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

«የምትማረው ይኸንኑ በሽታ ነው ትለኛለች ይታይሽ። እውነት ነው ልጄ?»

«እውነት ነው እምዬ።»

«ተመስገን። እንዲያ ከሆነማ ምን አስፈራኝ፣ መድኃኒቱን ይዘህ እስክትመጣ እጠብቅሃለሁ።»

«እሺ፣ ጠብቂኝ» አልኳት።